አያ አራጌን ማን ያስታርቃቸው?

የትም ሰፈር ብትሄዱ አንድ አስታራቂ አታጡም። የሾመው የለም፣ የጠራውም የለም። ሦስት ቤት አልፎ ድምፅ ከፍ ሲል ጆሮው ይቆማል፤ ጫማውን አጥልቆ፣ ዱላውን አንስቶ "እስቲ ምን ሆኑ?" እያለ ይወጣል። ባልና ሚስት ተነታርከው ገና ትንፋሽ ሳይሰበስቡ በራቸው ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። ሰዎቹ በራሳቸው ጊዜ ቢታረቁ ደግሞ ደስ አይለውም። እሱ በሌለበት የታረቀ ሰው፣ በእሱ ሒሳብ፣ ገና እንደተጣላ ነው።

ቆቦ ላይ ይህ ሰው አያ አራጌ ናቸው። አበጋር እንኳ አይደሉም። ደም ለማድረቅ የሚቀመጡት አበጋሮች ሽምግልናውን ከአባት ከአያት የወረሱ ናቸው፤ የአያ አራጌ አባት ግን ከአፋር ግመል እያመጡ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። "ከአባታቸው የወረሱት ድምፃቸውን ብቻ ነው" ትላለች ሚስታቸው ዘሊካ። "ግመል የሚጠራ ድምፅ።"

ነገር ፊታቸው ሲቀርብ አያ አራጌ እጃቸውን ዘርግተው ሁሉንም ዝም ያሰኙና "ቆይ፣ ከሥሩ እንጀምር" ይላሉ። ይህችን ቃል የሰማ ሰው ወይ ተመቻችቶ ይቀመጣል፣ ወይ እዚያው ይታረቃል። አንድ ቀን ዋናው መንገድ ላይ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ተጫጭረው ሲተናነቁ ደረሱ። ከሥሩ ተጀመረ። አንተ የማን ልጅ ነህ? እናትህስ ከየት ናት? አያትህ ዋጃ ነበሩ ወይስ ጎብዬ? ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሁለቱ ሾፌሮች በእናታቸው በኩል ዘመድ መሆናቸው ተረጋገጠ። ተሳፋሪዎቹ ግን በእግራቸው ከሄዱ ቆይተዋል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳሊሀና ባሏ ፈሪድ በጉን ሳያስር ያደረው ማን ነው ተባብለው ተጨቃጨቁ። አያ አራጌ ከሥሩ ጀምረው እስከ ሠርጋቸው ቀን ወረዱ፤ በዚያ ቀን ማን ማንን እንዳስቀየመ አንድ በአንድ አስቆጠሩ። የጠፋው በግ በራሱ እግር ተመልሶ ሲገባ፣ ባልና ሚስቱ ጨርሰው በረሱት ጉዳይ አዲስ ጠብ ጀምረዋል። አያ አራጌ ቤታቸው ገብተው ምሳ በሉና አዲሱን ጠብ ለማስታረቅ ተመለሱ።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ቢሆንም፣ ማንም የማይስቅባቸው ሁለት ሕጎች አሏቸው። አንደኛው የማዕድ ሕግ ነው። የተጣሉት ሰዎች አንድ ሳህን ፊት ይቀመጣሉ፤ የበደለው እጁን ቀድሞ ሰድዶ የተበደለውን ያጎርሳል። እጁን ቀድሞ የሰደደ ጥፋቱን አምኗል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አይነገርም። ሁለተኛው ሕግ፣ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ የሚመጣ ቀን የሚሠራ ነው። ከምርቃቱ በፊት አያ አራጌ ይነሱና "በዚህ ቤት ከጎረቤቱ ቂም የያዘ አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። አለ ከተባለ ምርቃቱ ይቆማል። "እኔ በቂም ላይ አልመርቅም" ይላሉ፣ ሙሽራው ቢያለቅስ እንኳ።

አሁን እሳቸውን ወዳጣሉት ወፎች እንምጣ።

በአያ አራጌ ጓሮ፣ ከኒሙ ዛፍ ላይ፣ ጎኑ የተቀደደ ቢጫ ጀሪካን በሽቦ ተንጠልጥሏል። ዘሊካ በየማለዳው የማሽላ እንጥርጣሪ ትጨምርበታለች፤ ከሥሩ በስባሪ ድስት ውሃ ታኖራለች። የሚመጡት ወፎች እንግዳ አይመስሉም፤ የቤት ኪራይ ሊሰበስቡ የመጡ አከራዮች ይመስላሉ። ዘሊካ ሰፌዷን ይዛ ገና ከበር ስትወጣ ድንቢጦቹ ሰፌዱ ጠርዝ ላይ ይሰፍራሉ። ዋኔዎች በየዋህነት ስማቸው ይነሳል እንጂ፣ ሰው ሳያያቸው ድንቢጥን በክንፍ በጥፊ እየመቱ ነው የሚበሉ። የዘገየች እንደሆነ ሁሉም መስኮቱ ብረት ላይ ተደርድረው ይጮኹባታል።

የሁሉ አለቃ ጀርባው ሰማያዊ ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ ሆዱ የሸክላ መልክ ያለው፣ ዓይኑ ነጭ የሆነ ወፍ ነው። ከማንም ቀድሞ ስለሚደርስ አያ አራጌ "ፊታውራሪ" ብለው ሾመውታል። ፊታውራሪ ጀሪካኑ ባዶ ከሆነ ዛፍ ላይ ቆሞ አይለምንም፤ በበር ይገባል። አያ አራጌ እየበሉ ከሳህናቸው ቂጣ ነጥቆ ያውቃል። ነጥቆም አይሸሽም፤ ጉልበታቸው ላይ ቆሞ ይጨርሳል፣ ጨርሶም ሌላ እንዲጨመርለት ፊታቸውን ያያል።

አያ አራጌ ለወፎቹም ይፈርዳሉ። "አንቺ ዋኔ፣ ተራሽን ጠብቂ። ድንቢጦች፣ እናንተም አትጩኹ፣ አቤቱታችሁ ተሰምቷል። ፊታውራሪ፣ እርስዎ በቃዎት።" ዘሊካ ስትስቅባቸው ቅር ይላቸዋል። "ወላሂ ከሰው ይሻላሉ" ይላሉ። "ተጣልተውም አብረው ነው የሚበሉ።"

የወፎቹ ነገር የተጀመረው በክፉው ጊዜ ማግስት ነው። ሰፈሩ ጦርነቱን ሸሽቶ ሲወጣ አያ አራጌና የአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው አያ ደጀን ቤተሰባቸውን ይዘው አብረው ወጡ፤ አብረውም ተመለሱ። ግቢዎቹ ተራቁተው ነበር፤ ዶሮ እንኳ አልቀረም። ኒሙ ላይ ግን ወፎቹ ነበሩ። ሰዎቹን ሲያዩ አልበረሩም፤ ወርደው እግራቸው ሥር መልቀም ጀመሩ። "እንኳን ደህና መጣችሁ ያሉን እነዚህ ብቻ ናቸው" አሉ አያ አራጌ። ያ ግመል የሚጠራ ድምፅ የዚያን ቀን አልወጣላቸውም። አያ ደጀን ከጥራጊው መሀል የተጣለ ጀሪካን አነሱ፣ ጎኑን በቢላ ቀደዱ፣ በሽቦ ሰቀሉት። አያ አራጌ ደግሞ ከመንገድ የተረፈቻቸውን የማሽላ ቆሎ ከኪሳቸው አራግፈው ጨመሩበት።

ታዲያ ባለፈው ኅዳር የማኅበሩ ተራ የአያ ደጀን ነበር። ሚስታቸው ዘነበች ለሚካኤል ጠላ ብቅሉን ሰሌን ላይ አስጥታ ገበያ ደርሳ ስትመለስ፣ ሰሌኑ ተጠርጎ አገኘችው። መሀሉ ላይ ቆሞ የቀረችውን ፍሬ የሚለቅመው ፊታውራሪ ነው። ቀና ብሎ አያትና መልቀሙን ቀጠለ። ዘነበች ከዚህም ከዚያም ብቅል ለምና ጠመቀች፤ አልበቃም፣ ጠላው ቀጠነ። የማኅበሩ ሰዎች ጨዋዎች ስለሆኑ ምንም አላሉም። አንዱ ብቻ ጣሳውን ጨርሶ ካስቀመጠ በኋላ "ውሃውስ ጥሩ ነው፤ ጠላው መቼ ነው የሚመጣ?" አለ። ይህች ቃል አያ ደጀንን አንጀታቸው ድረስ ገባች።

ሰው እንደሄደ አጥሩ ጋ ቆመው ተጣሩ። "አራጌ! ወፎችህን ሰብስብ!"

"ወፍ የአላህ ነው። እኔ እረኛቸው ነኝ እንዴ?"

"አብልተህ ያባለግሃቸው አንተ! ሰው እንኳ አይፈሩም!"

"ብቅልህን የሚጠብቅ አጥተህ ወፍ ትከሳለህ?"

በማግስቱ አያ ደጀን የማሽላ ማሳ ሲጠብቁ ያረጁበትን ወንጭፍ አወጡ። ፊታውራሪን አልመው ለቀቁት። ድንጋዩ ፊታውራሪን አልፎ፣ አያ አራጌ ለዙሁር ሶላት ታጥበው ውዱእ የሚያደርጉበትን ማንቆርቆሪያ እጃቸው ላይ በሳው። ሰውዬው በድንጋጤ ተቀምጠው ሲቀሩ ፊታውራሪ ወርዶ ከቀዳዳው የሚፈሰውን ውሃ ጠጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች ቃል አልተለዋወጡም። ሁለቱም ተበዳይ ነኝ ይላሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ሰፈሩ ሊያስታርቃቸው ፈልጎ ነበር። ችግሩ፣ ቆቦ ላይ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት አያ አራጌ ናቸው። አንድ ሁለት ሽማግሌ ሞክሯል። አያ አራጌ በአክብሮት ያስቀምጡትና አጠያየቁን ማረም ይጀምራሉ። "እንደሱ አይደለም የሚጠየቅ። ቆይ፣ ከሥሩ ጀምር። አይ፣ ይሄ ሥሩ አይደለም።" ሽማግሌው ከተጣላው ሰው ይልቅ እሱ ራሱ ተቆጥቶ ይወጣል።

ዘሊካና ዘነበች ግን አልተኳረፉም። በቅንጭቡ አጥር ክፍተት ጨውና ሽንኩርት፣ ከሽንኩርቱም ጋር ወሬ ይቀባበላሉ፤ የአንዳቸው ባል ሲያስል ይለያያሉ። ዘሊካን ይህ አሳፈራት። በር ለበር እየተገባቡ ያረጁ ሴቶች በዚህ ዕድሜያቸው እንደ ሌባ በአጥር ቀዳዳ መንሾካሾክ! ለባሏ ልትነግራቸው አስባ ታውቃለች፤ ከሥሩ እንጀምር እንዳይሏት ፈርታ ትተወዋለች።

ከሁሉ የከነከናት ግን የሩት ነገር ነው። የአያ ደጀን ልጅ ሩት እግር የተከለችው በዘሊካ ግቢ ነው፤ የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀው በዘሊካ ቂጣ ነው። አሁን አድጋ ዋጃ የሚሠራ ቢኒያም የሚባል ልጅ ወዳለች፣ እሱም ወዷታል፤ በጥር ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆርጧል። የቀኑ ዋዜማ ሩት በአጥሩ ክፍተት ሾልካ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"እማ ዘሊካ፣ ነገ ከዋጃ የሚመጡት አያ ጋሹ ናቸው አሉ።"

ዘሊካ ወዲያው ገባት። ጋሹና ወንድሙ በጎርፍ ውሃ ክፍፍል ተጣልተው ሊገዳደሉ ሲሉ ያስታረቋቸው አያ አራጌ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሹ በሄደበት ሁሉ፣ ምርቃት ሳይጀመር ተነስቶ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃል። አያ አራጌ ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን መደበቅ አይችሉም።

"አባዬ ቂም የለኝም ቢላቸውስ?" አለች ሩት።

"አባትሽ መዋሸት ቢያውቅማ ጥሩ ነበር።"

"አለ ካለ ተነስተው ይሄዳሉ እኮ!"

"ሂጂ ልጄ፣ ተኚ። ያበጠ ዓይን ይዘሽ ሽማግሌ ፊት እንዳትቀርቢ።"

በማግስቱ ጠዋት ጀሪካኑ ባዶ ዋለ። ወፎቹ መስኮቱ ላይ ተሰልፈው አገር ይያዝልን አሉ። "ዘሊካ፣ እነዚህን ፍጥረቶች ምን አደረግሻቸው?" አሉ አያ አራጌ። "ረሳሁት" አለች። ዘሊካ ረስታ አታውቅም፤ ግን አያ አራጌ ይህን ለማሰብ ጊዜ አልነበራቸውም። ሬዲዮ የሚሰሙ መስለው ጆሯቸውን አጥሩ ላይ ጥለዋል።

በአጥሩ ማዶ እንግዶቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ሰላምታው አለቀ። ከዚያ የጋሹ ድምፅ ተሰማ። "ከምርቃቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። በዚህ ቤት ከጎረቤቱ ቂም የያዘ አለ?"

"አለ" አሉ አያ ደጀን።

"ከማን ጋር?"

"ከአራጌ ጋር።"

"ከየትኛው አራጌ?"

"ከአስታራቂው።"

ማዶ ጉርምርምታ ሆነ። አያ አራጌ ዘሊካን በኩራት አዩዋት። "ሰማሽው? ከምርቃቱ በፊት! አጠያየቁ ልክ ነው" አሉ። ወዲያው ደግሞ የተጠየቀው ስለማን እንደሆነ ትዝ አላቸውና ፊታቸው ወደቀ።

"ሳይታረቁ አንመርቅም" አለ ጋሹ። "ወይ አሁን ይታረቃሉ፣ ወይ ወደ ዋጃ እንመለሳለን።"

"በእኔ ሕግ ልጅቷ ልትቀር?" አሉ አያ አራጌ በቀስታ። ድምፃቸው፣ ልክ እንደዚያ ከስደት እንደተመለሱበት ቀን፣ አልወጣም። ዘሊካ ልታጽናናቸው ፈለገች፤ ግን ሥራ ነበረባት። ምንጣፉን አንስታ ወጣች።

እንግዶቹ የብቅሉንና የድንጋዩን ነገር ሰምተው፣ አያ ደጀንን መሀል አድርገው ሲመጡ ምንጣፉ ኒሙ ሥር ተነጥፎ ጠበቃቸው። "ሽምግልና ቤት ውስጥ ነው" አሉ አያ አራጌ። "ቤት ይሞቃል" አለች ዘሊካ፣ ነገሩን ቆርጣ። ሳህኑን አመጣች። ሥጋ የሌለበት፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ያለ ሐሳብ እጁን የሚሰድበት፣ ቅቤ የጠጣ ቂጣ ፍትፍት ነው። ያስታጠበቻቸውም በዚያው በተበሳው ማንቆርቆሪያ ነው፤ ቀዳዳውን በቀለጠ ፕላስቲክ ደፍናዋለች። አያ ደጀን ድፍኑን አይተው ዓይናቸውን መለሱ።

ጋሹ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቆይ፣ ከሥሩ እንጀምር" አለ።

አያ አራጌ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።

"ይህን ጀሪካን ማን ሰቀለው?"

ማንም ያልጠበቀው ጥያቄ ነበር። "እኔ" አሉ አያ ደጀን።

"መጀመሪያ እህል የጨመረበትስ?"

"እኔ" አሉ አያ አራጌ።

"መቼ ነው?"

ሁለቱም ወደ ጀሪካኑ ቀና አሉ። "ከስደት የገባን ቀን" አሉ አያ ደጀን። "ግቢው ባዶ ነበር።"

"ከዚህ የበለጠ ሥር አለው፣ አያ አራጌ?"

"የለውም" አሉ። በሕይወታቸው እንዲህ ያጠረ ሽምግልና አይተው አያውቁም።

"እንግዲያው የበደለ እጁን ይስደድ።"

እዚህ ላይ ነገሩ ቆመ። አያ ደጀን የቀጠነውን ጠላ አሰቡ፤ አያ አራጌ ማንቆርቆሪያቸውን አሰቡ። ሁለቱም መታረቅ ፈልገዋል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ግን እጁን ቀድሞ የሰደደ በዳዩ እኔ ነኝ ማለቱ ነው፤ በቀረው ዘመኑ ሁሉ እንደ በዳይ ሊቆጠር ነው። ቂጣው ቅቤውን መጥጦ መድረቅ ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ ወደ መንገዱ አየ። በአጥሩ ክፍተት ሩት አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ዘሊካም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ወደ ሳህኑ አላየችም፤ ወደ ዛፉ ነው ያየች።

ፊታውራሪ ከማለዳ ጀምሮ አልበላም። ከኒሙ ወርዶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አረፈ። ጋሹን አየ፣ አያ ደጀንን አየ፣ አያ አራጌን አየ። ከመሀል ትልቁን ጉርሻ መርጦ ዋጠ። ማንም እንዳልተናገረው ሲያይ ሁለተኛ አነሳ።

ከዚያ ጋሹ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። "በዳይ ቀደመ!" አለ።

"ምን?" አሉ አያ አራጌ።

"ብቅሉን የበላ ማን ነው?"

"እሱ" አሉ አያ ደጀን።

"ድንጋዩ ማንን ሲፈልግ ነው ማንቆርቆሪያውን የበሳ?"

"እሱን" አሉ አያ አራጌ።

"እንግዲህ ሰው ፊት ቀርቦ አምኗል። ከዚህ በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቃል የለም።"

መጀመሪያ የሳቁት አያ ደጀን ናቸው። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሽማግሌዎቹም ሁሉ ተከተሏቸው። አያ አራጌ ብቻ አልሳቁም። ጣታቸውን አንስተው "ቆይ፣ ቆይ፣ ሕጉ እኮ የሚለው በዳይ ተበዳዩን ያጉርስ ነው፤ ወፉ ራሱ ነው የጎረሰ፤ ይሄ ደግሞ..." ማለት ሲጀምሩ፣ አያ ደጀን የእጃቸውን ሙሉ ፍትፍት ጠቅልለው "እንካ፣ ስለ እሱ እኔ ላጉርስህ!" አሉና አፋቸው ውስጥ ሞሉት። አያ አራጌ መናገር አልቻሉም። አፋቸው እንደሞላ እጃቸውን ሰደዱ፣ ጠቀለሉ፣ አያ ደጀንን አጎረሱ። ከአጥሩ ማዶ ዘነበች እልልታውን ለቀቀችው፤ ሩት ቀሚሷ ቅንጭቡ ላይ እየተያዘ በክፍተቱ ሮጣ ገባች።

ምርቃቱ በአያ ደጀን ቤት ሆነ፤ የመረቁትም አያ አራጌ ናቸው። ረጅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ዋናው መንገድ ላይ ወሬው ሲደርስ ደግሞ መልኩን ቀይሯል። አያ አራጌ በራሳቸው ጠብ ላይ ራሳቸው ተቀምጠው፣ ወፍ በምስክርነት ጠርተው፣ በብልሃት እንደፈቱት ይወራል። ወሬውን ያወጡት ማን እንደሆኑ ዘሊካ አልጠየቀችም።

እንግዶቹ ወደ ዋጃ ከተሸኙ በኋላ አያ አራጌ ኒሙ ሥር ብቻቸውን ተቀመጡ። ዘሊካ ሰፌዷን ይዛ ወጣችና ጀሪካኑን ሞላችው። ድንቢጦቹ ተሻሙ፤ ዋኔዎቹ በጥፊ ተማቱ። አያ አራጌ አልፈረዱም። ሚስታቸውን ያዩ ነበር።

"ረሳሁት ነው ያልሽው" አሉ።

"ረሳሁት።"

"ቤት ይሞቃል ነው ያልሽው።"

"ይሞቃላ።"

"ቆይ" አሉ አያ አራጌ ጣታቸውን አንስተው። "ከሥሩ..."

ዘሊካ የተረፈውን ፍትፍት ከነሳህኑ ፊታቸው አኑራ ተቀመጠች። አያ አራጌ ጣታቸውን አወረዱ። ዓይናቸው አጥሩ ላይ ወዳለው ክፍተት ሄደ። የክፍተቱ አፈር በሴት እግር ተደልድሎ መንገድ ሆኗል፤ የሽንኩርት ልጣጭ ወድቆበታል። ከኅዳር እስከ ጥር ሚስታቸው በየት በኩል ስትነጋገር እንደከረመች ያኔ ነው ያዩ። ከዚያ ቂጣውን ጠቀለሉና እጃቸውን ቀድመው ሰደዱ።

ዘሊካ አየቻቸው። ይህ ጩኸታም፣ ያልተጠራበት የማይቀር፣ አገር ሲያስታርቅ ምሳውን የሚረሳ ሰው ጉርሻውን ይዞ እጁ አየር ላይ ቆሟል። ፊታውራሪ ጉልበታቸው ላይ አርፎ ጉርሻው ለማን እንደሆነ ይጠብቃል። ደስታዋ ደረቷን ሞላው።

እሷ ጎረሰች። ስለ ነገሩም አንድ ቃል አልተነጋገሩም።